ዳማ ገሱባ ላይ ስታስነጥስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ ሳይሆን አንባቢ ማን እያወራው እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሞተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፈትቼ፣ መግጠም አቅቶኝ፣ ሁለት ቀን አኩርፌ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የተማርኩት። ዛሬ ዲፕሎማ የያዙ ልጆች ደጄ ላይ ቆመው «ጋሽ ተሰማ፣ ይቺን አንዴ ስማልን» ይሉኛል። እሰማላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ሳልነካት ከድምፅዋ ብቻ የታመመችበትን እነግራቸዋለሁ።

አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችው የራሴ ሞተር ዳማ ትባላለች። ጣሊያን ሠራሽ ናት፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፤ ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ስገዛት ጥቁር ጭስ ትተፋ ነበር፤ ቤንዚን ደግሞ እንደ ግመል ትጠጣ ነበር። የከተማው መካኒክ ሁሉ ተስፋ ቆርጦባታል። እኔ ካርቡራቶሯን ፈታሁና ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላትን ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አወጣሁ። ቀዳዳዋን ሬዲዮ ጠጋኞች በሚያቀልጡት እርሳስ ደፈንኳት። ከባለቤቴ የስፌት ዕቃ በጣም ቀጭኑን መርፌ ወስጄ ከድሮው ጠበብ ያለ አዲስ ቀዳዳ በሳሁላት። አሥር ጊዜ ተበላሸብኝ። በአሥራ አንደኛው ጭሱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እሳት የሚጭርላት ካንዴላዋ ጠቁሮ አያውቅም። ይህን ታሪክ በከተማችን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ባለፈው ክረምት ሐኪም ግራ ዓይኔን አይቶ «ከእንግዲህ መንዳት ይቅርብዎ» አለኝ። አልሰማሁትም፤ በሳምንቱ አንድ በግ ገጭቼ ቦይ ውስጥ ገባሁ። በጉ ተነሥቶ ሄደ። ልጄ ዮናስ ግን ነገሩን አልተወውም። አዲስ አበባ ሆቴል ያለው አንድ ሰው ፈልጎ አመጣ። ሰውየው ዳማን ወርቃማ ቀለም ቀብቶ በሆቴሉ በር ላይ ሊያቆማት፣ እንግዶችም እየተቀመጡባት ፎቶ እንዲነሡ ይፈልጋል። ሆዷን ባዶ አድርጎ አበባ ሊተክልበትም አስቧል።

«የሚነዳት ሰው ካገኘሁስ?» አልኩት ዮናስን።

«እስከ ሰኞ አግኝ። ካላገኘህ ማክሰኞ ሰውየው መኪና ይልካል።»

ሴት ልጄ ሰናይት ወላይታ ሶዶ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት። ብሶቴን በስልክ ስነግራት፣ «አባዬ፣ ገሱባ ላይ ወፍጮ ቤት ያለው አቶ ባሳ የሚባል ሰው አለ» አለችኝ። «ለጥናት ስመላለስ ነው ያወቅሁት። ሰው የጣለውን ሞተር ሁሉ አስነሥቶ ይነዳል። የዳማን ፎቶ ሳሳየው ስልኬን ግማሽ ሰዓት አልመለሰልኝም።»

ስልክ ይዞ መቅረት እውቀት አይደለም አልኩ በልቤ። ልፈትነው ወሰንኩ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ዐሥራ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ፤ ዐሥሩን ከመለሰ ዳማ የእሱ ናት፣ ካልመለሰ ግን ይዣት እመለሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያው አበባው ነው።

ረቡዕ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከደብረ ብርሃን ተነሣን። እኔ እነዳታለሁ ብዬ ነበር፤ ዮናስ ግን ብርድ ልብስ ወደ ደቡብ የሚጭን አይሱዙ አገኘልኝ። ዳማን በብርድ ልብሱ ክምር መሐል አቁመው በገመድ አሰሯት፤ ከሙሽራ በላይ ተመቻት። እኔ ከሹፌሩ ጎን ጋቢና ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ገረመው ይባላል፤ ሆዱ መሪውን የሚነካ፣ ነገር የማያመልጠው ሰው ነው።

«ለቆላ ሰው ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቆላም ቢሆን ሚስቱ ያኮረፈችበት ሰው ይበርደዋል።»

አዲስ አበባን አልፈን እስክንወጣ እኩለ ቀን ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለገረመው የነሐሷን ቀዳዳ ታሪክ አጫወትኩት። ከአዲስ አበባ ወዲያ ሁለተኛ ጊዜ ልጀምርለት ስል፣ «አሥራ አንደኛው ላይ ተሳካልህ» ብሎ ጨረሰልኝ። የሚሰማ ሰው ደስ ይለኛል።

ቡታጅራ አደርን። የጾም ቀን ስለሆነ በያይነቱ በላን፤ እኛ ጋ አንድ ሰው የሚበላበት ትሪ እዚያ ለሦስት ይበቃል። የእንግዳ ማረፊያው ልጅ ሁለት አንሶላ ብቻ አንጥፋልኝ ነበር። ብርድ ልብስ ስጠይቃት፣ «በዚህ ሙቀት?» አለችኝ። ገረመው ያለ ምንም ሐፍረት መኪናው ላይ ወጥቶ ከጭነቱ አንዱን አወረደልኝ። ሌሊቱን ላብ ሲያጠምቀኝ አድሬ ጠዋት አጥፌ መለስኩለት። እኛ ጋ በዚህ ወር ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ ደርቦም ጉልበት ያማል።

ሐሙስ

ሆሳዕናን፣ ከዚያ አረካን አልፈን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሶዶ ገባን። እንሰት በየቤቱ ጓሮ እንደ አጥር ቆሟል። መሬቱ ቀይ ነው። ሰዉ ብዙ ነው፤ እኛ ጋ በጎች የሚሰማሩበትን ያህል ሜዳ እዚያ አሥር አባወራ ይኖርበታል፣ አንድም ስንዝር አይባክንም። ከተማዋ ዳሞታ ተራራን ተደግፋ ነው የተቀመጠችው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ግን ከሰው አይተናነስም። ይህ አገር ለዳማ ይሆናታል አልኩ።

ሰናይት መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ስማኝ ስታበቃ መጀመሪያ ያለችኝ፣ «ቀኝ ዓይንህ ደህና ነው?» ነው። ዳማን አወረድናት። በቤቴ በአንድ ርግጫ የምትነሣ ሞተር በሦስተኛው ተነሣች። በቆመችበትም ትንሽ ተንቀጠቀጠች።

«ታመመች እንዴ?» አለች ሰናይት።

«መንገድ ነው። አንቺም አይሱዙ ላይ ሁለት ቀን ብትታሰሪ ትንቀጠቀጫለሽ።»

ማታ ቁርጥ ቤት ወሰደችኝ። ስለ ሶዶ ሥጋ የሰማሁት ሁሉ እውነት ነው። ዳጣ የሚሉት ከቃሪያ የተሠራ ማባያ አለ፤ እኛ ጋ ለእንዲህ ያለ ነገር ሚጥሚጣ አለን ብዬ በሙሉ ጣቴ ነካ አደረግሁት። ጎረቤት ገበታ ላይ የነበረ ሰው ተነሥቶ፣ ሳላውቀው፣ የራሱን ውሃ አምጥቶ አቀበለኝ። ዕንባዬ እስኪደርቅ ድረስ አጠገቤ ቆመ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ዓርብ

ሰናይት ክፍለ ጊዜ ነበራት። «እሑድ ድረስ ቆይ፣ ሰው ይዞልህ ይሄዳል» አለችኝ። ፈታኝ በሰው ጀርባ ታዝሎ ፈተና አይሄድም ብያት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ገሱባ ጉዞ ጀመርኩ። ቀኝ ዓይኔ ለሁለቱም ያያል። ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፤ ባጃጅ ሁሉ ቀደመኝ።

መንገዱ ቁልቁል ነው። በወረድኩ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ እኔም ኮቴን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ሹራቤን። ዳማ ግን ማስነጠስ ጀመረች። ጋዝ ስሰጣት ትንፋሽ ያጠራት ይመስል ትንሽ ዝም ትልና በካርቡራቶሩ በኩል «ጥፍ» ብላ ታስነጥሳለች፣ ከዚያ ትንፈራገጣለች። ሶዶ የቀዳሁት ቤንዚን ነው አልኩ። መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን የምትሸጥ ሴት አገኘሁና ሁለት ሊትር ጨመርኩበት። መቶ ሜትር እንደሄድኩ ባሰባት። ተመለስኩ።

«ልጄ፣ ቤንዚንሽ ውሃ አለው» አልኳት፤ በዙሪያዋ ለቆሙት ሞተረኞችም እንዲሰማ አድርጌ።

ሴትየዋ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አየችኝ። «አባባ፣ ከእኔ ሳይገዙ በፊት እያስነጠሰች አይደል የመጣችው? ከዚያ ከላይ ጀምሬ ሰምቻታለሁ። እኔ እንኳ ፍየል መስላኝ ነበር።»

ሞተረኞቹ ሳቁ። ተቆጥቼ ሄድኩ።

ገሱባ ልትታይ ስትል አንድ ዳገት አለ። እዚያ ላይ ዳማ አንዴ አስነጥሳ ፀጥ አለች። ብረቷ እጅ ያቃጥላል። ረገጥኳት፣ እንቢ አለች። ያኔ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ጎልማሶች «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ መጡ፤ ሰላምታቸው ነው። ምን ሆንክ ብለው አልጠየቁኝም። አንዱ ቦርሳዬን ተሸከመ፣ ሌላው ዳማን ከኋላ ያዘ፤ ዳገቱን ገፍተን ወጣን። የሚሄዱት ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደነበር ያወቅሁት ወፍጮ ቤቱ በር አድርሰውኝ ተመልሰው ሲወርዱ ነው።

ስለዚህ አቶ ባሳን ለመፈተን የገባሁት ሞተሬን እየገፋሁ ነው።

ባሳ አምሳውን ያለፈ፣ ቅንድቡ በዱቄት የነጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዳማን ከፊት እስከ ኋላ ዞራት፤ አልነካትም። «ከፎቶው ይበልጣል» አለ፤ ሞተር ሁሉ ለእሱ ወንድ ነው። «ምን ሆነብዎት ጋሼ?»

«ቤንዚን ነው። ነገ አጥባታለሁ። የአንተ እርዳታ አያስፈልገኝም።»

«እሺ» አለና ወደ ወፍጮው ተመለሰ።

ባለቤቱ ወይዘሮ ማርታ እጅ አስታጠበችኝ። ቤታቸው ጴንጤ ነው፤ ከምግብ በፊት የሚጸልዩት ጸሎት ረዥም ነው፣ በውስጡም የእኔን ስም፣ የሰናይትን ስምና «ይህችን ሞተር» ሰማሁ። ሰሐኑ ሲከፈት የተቀቀለ ጎደሬ፣ ቂጣና በዘይት የተሠራ ጎመን ነው። ለእነሱ ግን እርጎ ቀርቧል።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አለች ማርታ። «እናንተ ትጾማላችሁ ብዬ ቅቤ አላስነካሁትም። ድስቱንም በሙቅ ውሃ አጥቤዋለሁ።»

እኛ ጋ የገዛ ጎረቤቴ እንኳ እንዲህ አያስብልኝም። ጎደሬውን ግን ድንች ነው ብዬ ነበር፤ ድንችን አሥር እጥፍ ያስንቃል።

ቅዳሜ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ ግቢው ውስጥ ዳማን ገለበጥኳት። የታንኩን ቤንዚን አፍስሼ አጠብኩት። አዲስ ካንዴላ ሰጠኋት። ብልጭታ የሚሰጣትን ንክኪ፣ እኛ ፑንቲና የምንለውን፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። የአየር ማጣሪያውን አራገፍኩ። አስነሣኋት፤ አስነጠሰች። ሁሉንም እንደገና አንድ በአንድ አደረግሁ፤ አስነጠሰች። በእያንዳንዱ ማስነጠስ ወፍጮው ውስጥ ሆኖ ባሳ እንደሚሰማ አውቃለሁ። እህል ያመጡ ሴቶችም ይሰማሉ። አንዷ በወላይትኛ የሆነ ነገር ብላ ሌሎቹ ሳቁ። ማርታን ምን አለች ብዬ ስጠይቃት፣ «ጉንፋን ይዟታል፣ ጤና አዳም ያጠጧት፣ ነው ያለችው» አለችኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ባሳ ወፍጮውን አጥፍቶ ወጣ። አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ አንዴ እጄን ላስገባ?»

ደክሞኝ ነበር። «አስገባ» አልኩት።

«ያስነሡትና ጋዝ ይስጡት።»

አስነሣኋት። ማስነጠስ ስትጀምር ባሳ መዳፉን በካርቡራቶሩ አፍ ላይ አድርጎ አየሩን ግማሽ ያህል ከለከለው። ማስነጠሱ ቆመ። ዳማ እንደ ቤቷ ረጋ ብላ አጉረመረመች። እጁን ሲያነሣ አስነጠሰች። መለሰው፤ ረጋች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገና ተነሥቶ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ማጣሪያው ነው» አልኩት።

«አይደለም። ካንዴላውን ያሳዩኝ።»

ይህማ ኩራቴ ነው። የወጣውን ካንዴላ ከኪሴ አውጥቼ አቀበልኩት። «ተመልከት፤ እንደ ሕፃን ጥርስ የነጣ ነው። የቆሸሸ ነገር የለባትም።»

«ጋሼ፣ ይሄ ንጹሕ አይደለም። ይሄ የተራበ ነው።»

አርባ ዓመት ሙሉ ጠላቴ ጥቁር ጥላሸት ነበር። ነጭ ሲሆን ድል ነው የሚመስለኝ። ነጭም ሊበዛ እንደሚችል ለመጠርጠር አንድ ቀን አልተቀመጥኩም።

ባሳ ካንዴላውን መለሰልኝና፣ «ደብረ ብርሃን ላይ ቦሎቄ ለማብሰል ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለኝ።

ማርታ ከማድ ቤቱ በር ሆና ሰማችው። «ሰውየው በሞተሩ ተጨንቆ አንተ ስለ ቦሎቄ ትጠይቃለህ?»

«ይመልሱልኝ ጋሼ።»

«ጠዋት የተጣደ እራት ላይ ይደርሳል» አልኩት። «ያውም እንጨት ካልጠፋ።»

«ማርታ፣ እዚህስ?»

«ቸርች ደርሼ እስክመለስ። ፓስተሩ ካስረዘመው ያርራል።»

«አየሩ ነው» አለ ባሳ። «ወንድሜ ዳሞታ አናት አካባቢ ወፍጮ ነበረው። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ያጨስ ነበር። ሲዘጋ ወደዚህ አወረድኩት፤ አንድ ቡሎን ሳልነካ ጭሱ ጠፋ። ገረመኝ። ብዙ ቀን ተቀምጬ አሰብኩ። ያኔ የወንድሜ ሚስት ለጥየቃ መጥታ፣ እዚህ ቦሎቄ እንዴት ቶሎ ይበስላል አለች። ከዚያ ገባኝ። ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ታች ወፍራም ነው። ስስ አየር ትንሽ ነዳጅ ይበቃዋል። ወፍራም አየር ብዙ ይፈልጋል። የእርስዎ ሞተር ቤንዚኑ አነሰው። ርቦት ነው የሚያስነጥሰው።»

ዳማን ይዤ ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር ድረስ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። እዚያ ገደሉ አፍ ላይ አቁሜያት ወደ ቆላው አይቼ እመለሳለሁ፤ ዳገቱ መልሶ አያወጣኝም ብዬ ወርጄ አላውቅም። ለካ ዳማ በሕይወቷ ወፍራም አየር ተንፍሳ አታውቅም።

«ቀዳዳው ጠባብ ነው» አለ ባሳ። «ከፋብሪካ እንዲህ አይመጣም። ሰው የነካው ነው።»

«እኔ ነኝ የነካሁት» አልኩት። የእርሳሱን፣ የመርፌውን፣ የአሥራ አንዱን ሙከራ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪኩን ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የተናገርኩት።

ባሳ ካርቡራቶሩን ፈትቶ የነሐሷን ቁራጭ በመዳፉ ላይ አስቀመጣት። ወደ ፀሐይ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ አያት። ረዥም ጊዜ አያት።

«ይሄን በመርፌ ነው የሠሩት?»

«በመርፌ።»

«ለደብረ ብርሃን ልክ ነው። ማንም ከዚህ የተሻለ አይሠራውም» አለና መልሶ እጄ ላይ አኖራት። «እኔ አልነካውም። የእርስዎ ሥራ ነው፣ እርስዎ ይክፈቱት።»

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ቀላል ይመስልሃል። እኔ ግን ያቺን ነሐስ ይዤ በርጩማው ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ካልከፈትኳት ዳማ ገሱባ ላይ አትሄድም፤ እዚህ ካልሄደች ሆቴል በር ላይ ትቆማለች። ከከፈትኳት ደግሞ ስኮራበት የኖርኩት ሥራ ይጠፋል፤ ወደ ቤቴ ብመልሳትም የድሮውን ጭስ ትተፋለች። ዐሥራ ሁለት ጥያቄ የጻፍኩበት ደብተር ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ሳወጣው የትኛውም ጥያቄ ስለ አየር አልነበረም። መልሼ ከተትኩት።

«ማርታ፣ መርፌ ስጪኝ» አልኳት። «ወፈር ያለ።»

ሦስት መርፌ አመጣችልኝ፤ ሁለተኛው ልክ ሆነ። ግራ ዓይኔ አያይም። ባሳ ከኋላዬ ቆሞ ፀሐዩን በጥላው አልከለለብኝም፣ ይህን አስታውሳለሁ። እርሳሱን ፋቅ፣ ፋቅ አደረግሁት። እንደገና ገጠምን። በአንድ ርግጫ ተነሣች። ጋዝ ሰጠኋት፤ አላስነጠሰችም። ሁለተኛ ሙከራ አላስፈለገኝም፤ ይህን ደብረ ብርሃን ስገባ ለሁሉም ነግሬአለሁ።

ከምሳ በኋላ ባሳ ነዳት። እኔ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዳገቱን ስትወጣ አዳመጥኳት። ማርሽ የሚቀየርባት የራሷ ጊዜ አላት፤ ከዚያ አንድ ትንፋሽ ቢቀድም ታጉረመርማለች፣ ቢዘገይ ትጮኻለች። ባሳ አልቀደመም፣ አልዘገየም። ተመልሶ ሲመጣ አጥፍቷት በእርጥብ ጨርቅ አቧራዋን ሳይሆን ሰንሰለቷን ጠረገ። ይህን አይቼ ልቤ ወሰነ፤ አፌ ግን ገና ነበር።

እራት ላይ፣ «ብትወስዳት ምን ታደርግባታለህ?» አልኩት።

«ዱቄት እጭንበታለሁ» አለኝ ሳያመነታ። «ኩንታሉን ሁለት ላይ ከፍዬ። መኪና የማይገባበት መንደር አለ፤ አሮጊቶች እህላቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ጠጠር ይመታዋል። ቀለሙም ይሄዳል። እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው።»

ዳማ ላይ ዶሮ እንኳ ጭኜ አላውቅም። ማታ ማታ ጋቢ አለብሳታለሁ። ማርታ የእኔን ፊት አይታ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እሱ ግን ቃሉን አላነሣም። እኔም ጎደሬዬን በልቼ ተኛሁ።

እሑድ

ባልና ሚስቱ ጠዋት ቸርች ሄዱ። ቦሎቄ ጥደው ነበር የሄዱት፤ «እሳቱን ይመልከቱልን» አሉኝ። ብቻዬን ከዳማ ጋር ግቢ ውስጥ ቀረሁ። በዚያ ሰዓት ምን እንዳሰብኩ ለመጻፍ ሞክሬ ሁለት ገጽ ቀድጃለሁ፤ እዚህ አይገባም። ስብከቱ ረዘመ። ቦሎቄው ሲበስል እኔው አወረድኩት።

ዮናስ ጋ ደወልኩ። «ሰው አግኝቻለሁ። ለሆቴሉ ሰውዬ ንገረው።»

«ፈተንከው?»

«ተፈተንኩ» አልኩት።

«ምን ማለት ነው?»

«ስመጣ እነግርሃለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ከቸርች ሲመለሱ ቁልፉን ባሳ እጅ ላይ አደረግሁ። «ዱቄቱን ጫንባት» አልኩት። «ኩንታሉን ሁለት ላይ ግን አይደለም፤ ሦስት ላይ ክፈለው። ዕድሜዋ ከአንተ ይበልጣል።» ባሳ በሁለት እጁ ተቀበለ። ማርታ ግን እንደገና ልትጸልይ ስትል፣ «አውቶቡሱ ያመልጠኛል» አልኳት። አውቶቡሱ የሰኞ ነው፤ ታውቃለች፣ ሳቀች፣ ጸለየችም።

የሰኞው አውቶቡስ ደህና አድርጎ ቤቴ አድርሶኛል፤ ስለ እሱ የሚጻፍ ነገር የለም። የሚጻፈው የእሑዱ መንገድ ነው። ባሳ «ሶዶ እኔ አደርስዎታለሁ» አለ። ዳማ ላይ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። በአርባ ዓመት ውስጥ የኋላ ወንበሯ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፤ ይጎረብጣል። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና አንድ ቀን አላማረረችም።

ቤንዚን ሻጯ ጋ ስንደርስ ቁም አልኩት። ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋች።

«አባባ፣ ዛሬስ ቤንዚኔ ውሃ አለው?»

«የለውም» አልኳት፤ ሞተረኞቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «አየሩ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር።»

«አየሩንማ እኔ አልሸጥኩልዎትም» አለችና ጠርሙሱን ከፈተች። ያን ቀን ታንኩን ሞላሁ።

ከዚያ ዳገቱ ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ አላስቻለኝም። «ጉድጓድ አለ፣ ወደ ቀኝ» አልኩት፤ ቀድሞ ዞሯል። «በሬ ይመጣል»፤ ቀንሷል። «አትቸኩልባት፣ ትሞቃለች»፤ መጀመሪያም አልቸኮለም። ሶዶ ወደ ላይ መታየት ስትጀምር ዳገቱ ጠነከረ። የዳማ ድምፅ ከፍ አለ፣ ያቺ ጊዜ እየደረሰች ነው፤ አሁን ማርሽ ቀይር ልለው አፌን ከፈትኩ።

ቀየረ።

አፌን ዘጋሁ። ሰናይት በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን፣ «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?» እስክትለኝ ድረስ አልከፈትኩትም።